አባባ፣ የፊቱ ክፍል የእርስዎ ነው

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የቤጂንግ ብርድ ከደብረ ብርሃንም ይብሳል፤ ቢሆንም ለምጄዋለሁ።

ባለፈው እሁድ ወንድሜ ደውሎ ነበር። ቤቱ ታድሶ አልቋል፣ ያማረ ሳሎን ወጥቶታል አለኝ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን እርስዎ አልጋዎን ወደ ጓሮ ክፍል እንዳስወሰዱ ነገረኝ። «ለእኔ ለሽማግሌው እሱ ይበቃኛል፣ የፊቱ ለእንግዳ ይሁን» አሉ አለኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በስልክ ላንሳው ብል ወሬ አስቀይረው ያልፉኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልዎ ብዬ ነው።

እዚህ የምማረው ስለ ድሮ የቻይና ቤት አሠራር መሆኑን ያውቃሉ። የቤጂንግ ሰው የኖረበት ቤት ሲሄዩዋን ይባላል። አራት ቤቶች መሐል ግቢ ትተው ይተያያሉ። ከመንገድ ሲያዩት ግራጫ ግድግዳ ብቻ ነው። በሩ ብዙውን ጊዜ በደቡብ ምሥራቅ ጥግ ነው። ደፉ ከፍ ያለ ነው፤ ይሻገሩታል እንጂ አይረግጡትም። ገባ እንዳሉ ደግሞ ፊት ለፊት ሌላ ግድግዳ ይገትርዎታል። ክፉ መንፈስ ቀጥ ብሎ እንጂ ታጥፎ መሄድ አይችልም ብለው ያምኑ ነበር። ያው ግድግዳ የመንገደኛውንም ዓይን ይከልላል፣ ንፋሱንም ይሰብራል።

ልነግርዎ የፈለግሁት ግን ስለ ክፍሎቹ ነው። በሰሜን በኩል ያለው ቤት ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞራል። ከሁሉም ከፍ ያለው፣ ሰፊውም እሱ ነው። የወላጆች ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው የትልቁ ልጅ፣ በምዕራብ ያለው የታናሹ። በደቡብ ያለው ጀርባውን ለፀሐይ ስለሚሰጥ ብርዳም ነው፤ እዚያ ሠራተኛና እንግዳ ያድራል፣ ዕቃም ይቀመጣል። እንግዳ አይከበርም ማለት አይደለም አባባ። ፀሐዩ ግን የአባትና የእናት ነው። አንድ ሕፃን በዚያ ግቢ ሲያድግ ማንም ሳይመክረው ትልቅ ሰው የት እንደሚቀመጥ ያውቃል። ቤቱ ራሱ ይነግረዋል።

እርስዎ አናጢ ስለሆኑ ይህ ነገር በእጅም የታሰበ መሆኑን ቶሎ ይረዱታል። እዚህ በክረምታቸው፣ በታኅሣሥ፣ የቀትር ፀሐይ ዝቅ ብላ በደቡብ በኩል ታልፋለች። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ገብታ እስከ ክፍሉ ውስጠኛ ግድግዳ ትደርሳለች። በበጋቸው፣ በሰኔ፣ ወደ አናት ትወጣለች፤ ያኔ ያው ክፈፍ ይከልላታል። ክፈፉ ምን ያህል መውጣት እንዳለበት አናጢው ያውቃል። ባለፈው ወር አንድ አሮጌ ግቢ ገብተን ስንለካ፣ አንዲት እናት ከሰሜኑ ቤት ደጃፍ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘን። ውጭ ውሃው በረዶ ሆኗል። እሳቸው ግን የጥጥ ካፖርታቸውን ቁልፍ ፈተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሜትሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። እርስዎን ነበር ያየሁት።

ቻይናዎች ህዋን «ዩጆው» ይላሉ። ቃሉ ከሁለት የተሠራ ነው። «ዩ» በጥንቱ አነጋገር የጣሪያ ክፈፍ ነው። «ጆው» ደግሞ ጣሪያውን የሚሸከመው ዋናው አግዳሚ እንጨት። በኋላ የመጀመሪያው በየአቅጣጫው ያለውን ስፍራ ሁሉ፣ ሁለተኛው ያለፈውንና የሚመጣውን ጊዜ ሁሉ ማለት ሆነ። ይህን ስሰማ ቶሎ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ ለእርስዎ ልነግርዎ። ዕድሜዎን ሙሉ ሲያነሱት የኖሩት እንጨት እዚህ አገር የዓለም ስም ሆኗል።

ይህ ቃል ብቻ ሆኖም አልቀረም። ድሮ ንጉሠ ነገሥቱ ለመከር ይጸልይበት የነበረው ክብ አዳራሽ እዚሁ ቤጂንግ አለ። በስፍራው የመጀመሪያው አዳራሽ የተሠራው በ1420 ነው፤ ክቡን በ1889 መብረቅ አቃጥሎት እንደገና ሠሩት (ዓመቶቹ በፈረንጅ ነው)። 28 ትልልቅ ምሰሶዎች አሉት። መሐል ያሉት 4ቱ ወቅቶች ናቸው። ቀጥሎ ያሉት 12ቱ ወሮች፣ ዳር ያሉት 12ቱ ደግሞ ቀኑና ሌሊቱ የሚከፈልባቸው ክፍለ ጊዜያት። አዳራሹ ክብ የሆነው፣ ሰማይ ክብ፣ ምድር አራት ማዕዘን ናት ስለሚሉ ነው። ሥሩ ቆሜ ቀና ስል አንገቴ እስኪደክም አየሁት።

የእንጨቱን አያያዝ ቢያዩት! አንዱን በመሮ ይቦረቡሩታል፣ የሌላውን ጫፍ እንደ ምላስ አውጥተው ይከቱበታል። ሚስማር የለም። ሻንሺ በሚባለው ክፍለ ሀገር በ1056 የቆመ የእንጨት ማማ አለ፤ ቁመቱ 67 ሜትር ያልፋል። ስንት የመሬት መንቀጥቀጥ አሳልፏል። መገጣጠሚያዎቹ ትንሽ ትንሽ ስለሚንቀሳቀሱ ኃይሉን እየተካፈሉ ያበርዱታል። «ግድግዳው ይፈርሳል፣ ቤቱ አይወድቅም» የሚል አባባል አላቸው፤ ጣሪያውን የሚሸከመው ምሰሶው እንጂ ግድግዳው ስላልሆነ። ክፍል ውስጥ አንድ መገጣጠሚያ ፈተን ስንመልስ እኔ ቀድሜ ጨረስኩ። መሮ አያያዝ ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት።

አንድ ያልወደድኩትን ነገር ግን ልደብቅዎ አልችልም። በዚያ ግቢ ውስጥ ሁለተኛ በር አለ። በአበባ ቅርጽ የተፈለፈለ፣ ቀለም የተቀባ፣ ከሁሉም የሚያምር በር ነው። ከዚያ ወደ ውጭ ያላገባች ሴት ልጅ አትወጣም ነበር። የደህና ቤተሰብ ልጅ ምስጋናዋ ይህንኑ በር አለመሻገሯ ነበር። ያው ቤት አባትን ሲያከብር ልጂቱን ዘግቶባታል። እዚያ በር ላይ እጄን አሳርፌ ብዙ ቆየሁ። እርስዎ ግን የሥራ ቤትዎን በር አልዘጉብኝም። ጎረቤት «ሴት ልጅ ከመጋዝና ከመላጊያ ጋር ምን አላት» ሲል «ልጄ ናት፣ ትማር» ያሉትን አልረሳም። ቻይና ድረስ ያመጣኝ እሱ ነው።

ስለዚህ አባባ፣ ከዚህ ቤት የምወስደውን መርጬ ነው የምወስደው። ሁለተኛውን በር ትቼዋለሁ። የሰሜኑን ቤት ግን ለእርስዎ እፈልገዋለሁ። የጓሮው ክፍል መስኮት ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። በታኅሣሥና በጥር ውርጭ ሲወርድ ፀሐይ አትደርስበትም። በነዚያ ወራት ፀሐይዋ በእኛም አገር ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ የፊቱ ክፍል መስኮት ደግሞ ወደዚያው ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ ፀሐይ አያጣም። አልጋው ከውስጠኛው ግድግዳ ጋር ይሁን፣ ብርሃኑ ጉልበትዎ ላይ እንዲያርፍ። እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ይቀመጣል፤ የሚያድር ከሆነ የጓሮው ክፍል አለለት።

የወንድሜ ልጆችም እያዩ ነው። አያታቸው ከጓሮ ሲወጡ ማየት አይልመዱ።

ወንድሜን አነጋግሬዋለሁ፤ ተስማምቷል። ቅዳሜ አልጋውን ያወጣል። እባክዎ እሱ ሲሸከም ላግዝህ ብለው እንዳይነሱ።

ጉልበትዎን ስሜአለሁ።

ልጅዎ፣
ከቤጂንግ