ወንድምሽ ከመፈረሙ በፊት

ኅዳር 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለፅጌ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናቴ ስምሽን ሳታነሳ አትውልም። ጦርነቱ ደብረ ሲና ከደረሰበት ካለፈው ዓመት ኅዳር ወዲህ አልተጻጻፍንም። መጀመሪያ ስልኩ ጠፋ፣ ከዚያ ኑሮው ያዘን። የሆዳችንን ስንገናኝ እናወራለን። ዛሬ የምጽፍልሽ ጊዜ የማይሰጥ ጉዳይ ስለገጠመን ነው።

መንደራችን ላይ ትልቅ የቤቶች ግንባታ ሊመጣ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ያለው ሜዳ በሙሉ፣ እስከ ወንዙ ድረስ፣ ለማኅበር ቤትና ለአፓርታማ ተከልሏል። እኛ ከመቶ የማንበልጥ አባወራ ነን። የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ሺህ ነው።

ደብረ ብርሃን እየሰፋች መሆኗን ታውቂያለሽ። ፋብሪካው በዛ፣ ሠራተኛው በዛ፣ የቤት ኪራይ አይቀመስም። ቤት ያስፈልጋል፤ ታናሽ ወንድሜም ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ነው ልጅ የሚያሳድገው። የምቃወመው ቤት መሠራቱን አይደለም። ለምን በዚህ ሜዳ ላይ ይሠራል? ለምን እኛ ሳንጠየቅ ይወሰናል?

ሜዳውን ታውቂዋለሽ። ገብሱም ባቄላውም የሚበቅለው እዚያ ነው። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ጭንጫ ግን ለፍየል እንኳ አይሆንም። ለመንገድም፣ ለመብራት መስመርም የሚቀርበው እሱ ነው። ሜዳው ደግሞ መረሬ ነው። ክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ ያብጣል። በጋ ሲደርቅ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ፎቅ ለማቆም መሠረቱ ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ ከኔ ይልቅ መሐንዲስ ያውቀዋል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድስ? ክረምት ላይ ሲሞላ ወዴት ይሄዳል? ከታች የምንቀዳው ምንጭ አለ። ይህን ጠይቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም።

ስብሰባ የተጠራነው ባለፈው ወር ነው። ስንደርስ ካርታው ተለጥፎ ጠበቀን። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «መሬቱን ከማየታችሁ በፊት ለምን አላማከራችሁንም?» አሉ። የተሰጣቸው መልስ «ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ካሳ ብቻ ነው» የሚል ነበር። ሳምንት ሳይሞላ የልቀቁ ደብዳቤው መጣ።

ሕጉን ፈልጌ አነበብኩት። ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ የወጣው አዋጅ 1161/2011 ተነሺው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አስተዳደሩ ስለ ፕሮጀክቱ ሊያማክረው እንደሚገባ ይናገራል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ዜጎች ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። እኛ የጠየቅነው ይህንኑ ነው፤ አንዳንዱ ግን ከአሁኑ «ፀረ ልማት» እያለ ይጠራናል። በጣም ያማል፣ ፅጌዬ። ያንን የጤና ኬላ ድንጋይ ተሸክሞ የሠራው ይሄው ሕዝብ ነው።

ስለ ካሳው ልንገርሽ። በድሮው አዋጅ 455/1997 የ5 ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ይባዛ ነበር። አሁን ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል። የተሻለ ነው፣ አልክድም። ግን የገማቾቹ ወረቀት ላይ ያለው ገብስና ባቄላ ብቻ ነው። ገለባው የለም። ኩበቱ የለም። በጎቹ የሚውሉበት የወል ግጦሽ «የማንም አይደለም» ተብሎ ታልፏል። ያለ ግጦሽ በግ፣ ያለ በግ ደግሞ የትምህርት ቤት ደብተርና የክረምት ቀለብ ከየት ይመጣል? ለክፉ ቀን የምንሸጠው እኮ በጉን ነው።

ከሁሉም የሚያሳስቡኝ ወጣቶቹ ናቸው። መሬት ለመጨረሻ ጊዜ የተደለደለው በ1989 ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደው ልጅ በስሙ የመሬት ደብተር የለውም። ከአባቱ ጋር ያርሳል፣ ወይም የእኩል ይይዛል። ካሳው የሚከፈለው ለባለ ደብተሩ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ጎረምሳ ሥራውን ያጣል፣ ስሙ ግን በተነሺዎች መዝገብ ላይ እንኳ አይገኝም። እህቶቻቸውንም እንደዚያው አስቢያቸው።

አንድ ጊዜ ስለ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጥበቃችሁ ነግረሽኝ ነበር። ብሎካችሁ የቆመበትን መሬት ያርሱ የነበሩት ሰውዬ። ያን ቀን ስታለቅሺ ድምፅሽን ሰምቻለሁ። አንቺ ለዓመታት ቆጥበሽ፣ በዕጣ የደረሰሽ ቤት ነው፤ ማንም ሊወቅስሽ አይችልም። በ2011 የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶ ያ ሁሉ ተቃውሞ ሲነሣም ቆጣቢውም ገበሬውም አንጀቴን በልተውኝ ነበር። ሁለቱን ያጋጨው ቀድሞ ያልተመከረበት ውሳኔ ነው። እዚህም ያው እንዳይደገም ነው የምጮኸው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ወንድምሽ ካሳውን ተቀብያለሁ ብሎ ሊፈርም ነው። «ሌላው ሲቀበል እኔ ልቅር?» ይላል፤ ብሩን ተቀብሎ ባጃጅ ሊገዛ አስቧል። አልፈርድበትም፤ ዕዳ አለበት። ነገር ግን ደብተሩ አሁንም በአባታችሁ በጋሽ ኃይሌ ስም ነው፣ አንቺም ወራሽ ነሽ። የሚሰማው አንቺን ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ደውይለት። ቅሬታችን እስኪታይ ድረስ ብቻ ይታገሥ።

ቅሬታ ማቅረቢያው ደብዳቤው ከደረሰ ጀምሮ 30 ቀን ነው። ግማሹ አልፏል። ማመልከቻውን እኔና የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ጽፈነዋል፤ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ግንባታው ወደ ጭንጫው ይዛወር፣ ደብተር የሌላቸው ወጣቶችም ይመዝገቡ። እስካሁን አብዛኛው አባወራ ማመልከቻው ላይ ፈርሟል። የአንቺም ፊርማ ያስፈልገናል። የመታወቂያሽንና የወራሽነት ማስረጃሽን ኮፒ ይዘሽ ቅዳሜ ብትመጪ፣ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበልሻለሁ። ካልቻልሽ ውክልና አድርጊና በሚመጣ ሰው ላኪልኝ።

እህትሽ አልማዝ