የደብሊን ገንዘብ የገባበትን ቦታ አይተን የጣና ዳርን በጀት እንመድብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የበጀት ወቅት በደረሰ ቁጥር ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ክርክር ይነሳል። ግማሹ ሰው «ብር ያለው ክለብ ያሸንፋል፤ ለዋናው ቡድን ይጨመር» ይላል። ሌላው «ኳስ በወኔ እንጂ በብር አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ማስረጃ የሚጠቅሱት ከራሳችን ሊግ ነው። ንግድ ባንክ በ2016 ዓ.ም. ከታች ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ሲወስድ ያገዘው ገንዘቡ ነው ወይስ አሠልጣኙ? በእኛ ሊግ ብር ያለው ተጫዋች ስለሚያስፈርም ሁለቱን ለያይቶ ማየት አይቻልም። ጥያቄውን በትክክል የሚፈትነው ተጫዋች የማይገዛበት ውድድር ነው፤ አየርላንድ ውስጥ አለ።

የጌሊክ ስፖርቶች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው (ከዚህ በታች የአየርላንድ ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለት ትልልቅ ጨዋታዎች አሉት፦ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት የጌሊክ እግር ኳስ፣ እንዲሁም ትንሽ ኳስ በዱላ የሚመታበት ሃርሊንግ። ሃርሊንግን የገና ጨዋታ ያየ ሰው ብዙ ሳይነገረው ይረዳዋል። በሁለቱም 15 ለ15 ይጋጠማሉ፤ መረብ ውስጥ የገባ ኳስ 3 ነጥብ፣ ከአግዳሚው በላይ ያለፈ 1 ነጥብ ያስገኛል (ከ2025 ወዲህ በእግር ኳሱ ከሩቅ የተመታ 2)። ተጫዋቾቹ ደመወዝ የላቸውም። ቀን መደበኛ ሥራቸውን ሠርተው ማታ ይለማመዳሉ፤ የሚሰለፉትም ላደጉበት አውራጃ ነው። የፊርማ ክፍያ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ገንዘብ እዚያ ውጤት ካመጣ፣ ያመጣው ተጫዋች በመግዛት አይደለም ማለት ነው።

ዋና ከተማዋ ደብሊን በጌሊክ እግር ኳሱ ከ1995 በኋላ ለ16 ዓመት የመላ አየርላንድን ዋንጫ አላነሳም ነበር። በ2011 አነሳ፤ በ2013 ደገመ፤ ከ2015 እስከ 2020 ደግሞ ስድስት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። ከዚያ በፊት በእግር ኳሱ ከአራት በላይ በተከታታይ የወሰደ አውራጃ አልነበረም። ደብሊን በምትገኝበት በሌንስተር ክፍለ ሀገር ውድድር ደግሞ ከ2005 እስከ 2024 ባሉት 20 ዓመታት ዋንጫው ያመለጠው በ2010 ብቻ ነው። ሌሎቹ የሌንስተር አውራጃዎች ውድድሩን የሚጀምሩት ለሁለተኛነት ነበር ማለት ይቻላል።

ገንዘቡስ? በ2002 የማኅበሩ የስትራቴጂ ኮሚቴ ደብሊን በጣም ስለሰፋ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ለሁለት ይከፈል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ሳይፈጸም ቀረ። በምትኩ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለከተማዋ የተለየ የታዳጊዎች ልማት ገንዘብ ይፈስ ጀመር። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ የዋና ከተማውን ልጆች እኛ የምናውቀው እግር ኳስና ራግቢ እየወሰዱባቸው ነው የሚል ስጋት። ከ2007 እስከ 2018 ለደብሊን የተሰጠው የልማት ድጎማ ወደ 18 ሚሊዮን ዩሮ ይጠጋል፤ በዓመት በአማካይ 1.5 ሚሊዮን ገደማ። ማንም ሌላ አውራጃ በአጠገቡ አልደረሰም፤ ልዩነቱ በብዙ እጥፍ ነበር።

ይህ ገንዘብ የዋናውን ቡድን ሆቴልና አውቶቡስ ለመክፈል አልዋለም። አብዛኛው የዋለው የሙሉ ጊዜ የታዳጊ አሠልጣኞችን ለመቅጠር ነው። የአሠልጣኙን ደመወዝ ግማሹን የሰፈሩ ክለብ፣ ግማሹን ድጎማው ይሸፍናል። አሠልጣኙ ቀን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያሠለጥናል፤ ከሰዓት በኋላ እነዚያኑ ልጆች በክለቡ ሜዳ ይቀበላቸዋል። ክለቡ ግማሹን ስለሚከፍል ሥራውን ይከታተላል፤ አሠልጣኙም የሚጠይቀው ሰው በቅርብ አለው። እኛ እንደምናየው የአሠራሩ ትልቁ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው።

«ስለዚህ ገንዘቡ ዋንጫውን ገዛ» ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው። የ2011ን ፍጻሜ በኬሪ አውራጃ ላይ በቅጣት ምት የጨረሰው በረኛው እስቴፈን ክላክስተን ለደብሊን መጫወት የጀመረው በ2001 ነው፤ ድጎማው ሲመጣ የበሰለ ተጫዋች ነበር። በ2017 ፍጻሜ ላይ ጎል ያገባው ኮን ኦካላሃን ግን በ2005 ገና የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ቡድኑ የሁለቱም ዓይነት ድብልቅ ነው። ከዚህ የከበደው ማስረጃ ሃርሊንግ ነው። አሠልጣኝ በየትምህርት ቤቱ የሚልከው ያው አውራጃ፣ ያው ከተማ በሃርሊንግ የመላ አየርላንድን ዋንጫ ከ1938 ወዲህ አላገኘም። ወደ 104,000 ሕዝብ ያለው የኪልኬኒ አውራጃ ግን 36 ጊዜ ወስዷል፤ በአሠልጣኙ ብራያን ኮዲ ዘመን ብቻ 11 ጊዜ። እዚያ ዱላው ልጁ እጅ የሚገባው በቤቱ ነው፤ አሠልጣኙ የሚመጣው ከአባትና ከአያት በኋላ ነው። ደብሊን በእግር ኳስ የቆየ መሠረት ነበራት፤ ገንዘቡ ያንን አሰፋው። በሃርሊንግ መሠረቱ ስስ ስለነበር ያው አሠራር እስከ ዋንጫ አላደረሳትም።

ሊሜሪክ ደግሞ ሦስተኛውን መንገድ ያሳያል። ከ1973 በኋላ የሃርሊንግ ዋንጫ አላየም ነበር። በባለሀብቱ ጄ.ፒ. ማክማነስ የሚደገፈው ይህ አውራጃ በመጀመሪያ ከ21 ዓመት በታች ውድድሩን በ2015ና በ2017 አሸነፈ፤ ዋናው ቡድን በ2018፣ ቀጥሎም ከ2020 እስከ 2023 በተከታታይ ወሰደ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፦ ታዳጊው ቀድሞ፣ ዋናው ቡድን ኋላ።

የሕዝብ ብዛትም አይረሳ። በ2022 ቆጠራ ደብሊን ከ1.4 ሚሊዮን በላይ፣ ትንሹ የሊትሪም አውራጃ 35,000 ገደማ ሕዝብ ነበራቸው፤ ልዩነቱ ከ40 እጥፍ በላይ ነው። ገንዘቡ በነፍስ ወከፍ እኩል ቢከፋፈል እንኳ ሊትሪም አንድ ሁለት አሠልጣኝ መቅጠር ይከብዳታል። ስለዚህ ፍትሐዊ ቀመር ሁለት ክፍል ያስፈልገዋል፦ ማንኛውም ትንሽ አካባቢ ቢያንስ አንድ ቋሚ አሠልጣኝ የሚያገኝበት ወለል፣ ከዚያ በላይ በልጆች ቁጥር የሚጨመር። ደብሊን ድጎማ ማግኘቷ አልነበረም ጥፋቱ፤ ሌሎቹ በዚያው አሠራር ሳይደገፉ ከአሥር ዓመት በላይ መቆየታቸው ነው። የበላይነቱን ያቆየውም ይኸው ነው ብለን እናምናለን።

ወደ ጣና ዳር እንመለስ። ክለባችን ባሕር ዳር ከተማ በ2011 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ወጥቶ በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ሆኖ ጨርሷል፤ በአፍሪካ መድረክም የታንዛኒያውን አዛምን በመለያ ምት ጥሏል። ይህ ትንሽ ውጤት አይደለም። ነገር ግን በእኛ ሊግ ብሩ በአብዛኛው የሚሄደው ለፊርማና ለደመወዝ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በወር 50,000 ብር የደመወዝ ጣሪያ ሲወጣ የታየውም ጣሪያ ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ በደመወዝ የተዘጋው በሌላ ስም ይከፈላል። ለአንድ ተጫዋች የአንድ ዓመት ደመወዝ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ በላይ የትምህርት ቤት አሠልጣኝ ያቆማል።

ሥራው ሲዘረዘር እንዲህ ነው። አንድ ቋሚ አሠልጣኝ አራት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ይይዛል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በየቀኑ አንዱ ትምህርት ቤት በስፖርት ክፍለ ጊዜ ይገባል፤ ቅዳሜ ጠዋት ከአራቱም የመጡት ልጆች በሰፈሩ ሜዳ ይገናኛሉ። ለ40 ልጅ 20 ኳስ ያስፈልጋል፤ ለሁለት ልጅ አንድ። ከ12 ዓመት በታች ላሉት 4 ቁጥር ኳስ ይገዛ፤ 5 ቁጥሩ ለትንሽ እግር ይከብድና ልጁን በጣት ጫፍ መምታት ያስለምደዋል። አንዱ ትልቅ ሜዳ 40 በ30 ሜትር ሆኖ በአራት ይከፈልና 5 ለ5 ይጫወቱ፤ 40ው ልጅ በአንዴ ይሮጣል። 11 ለ11 ከተደረገ ግን 18 ልጅ ዳር ቆሞ ይመለከታል። አየርላንዶቹ በትንንሾቹ ዕድሜ ሁሉም ልጅ እንዲጫወት ያስገድዳሉ፤ ፍጻሜና ዋንጫ የለም። የእኛ የታዳጊ ውድድር ዋንጫ ስለሚያስቀድም ዕድሜ ይቀነሳል፤ ቶሎ የጎረመሰው ይሰለፋል፤ ቀጭኑና ቴክኒክ ያለው ይባረራል።

የሚበላሸው የት እንደሆነም ይታወቃል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ትምህርት የሚከፈተው መስከረም ነው። ግዥው ከዘገየ ኳሱ የሚደርሰው የመጀመሪያው መንፈቅ ካለቀ በኋላ ነው። የአሠልጣኙ ውል ሰኔ 30 አልቆ እስኪታደስ ሁለት ሦስት ወር ያለ ክፍያ ከቆየ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ ልጆቹም ይበተናሉ። በሐይቁ ዙሪያ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ይቋጥራል፤ ረግረጉ እየተረገጠ ከሰነበተ በጥቅምት ደርቆ ቁርጭምጭሚት የሚሰብር ጉብታ ይሆናል። ቦይ ማውጣትና በሐምሌና በነሐሴ ሜዳውን ማሳረፍ ብዙ ወጪ የለውም፤ ልምምዱን በአዳራሽ ወይም በትምህርት ቤት በረንዳ በኳስ ቁጥጥር መቀጠል ይቻላል።

የምንጠይቀው ይህን ነው። የሚመጣው ዓመት የስፖርት በጀት ሲጸድቅ ለታዳጊ አሠልጣኝ ደመወዝ የተመደበው ለብቻው ይጻፍ፤ ለዋናው ቡድን እንዳይዛወርም ይታገድ። ውሉ ለሦስት ዓመት ይሁን። ከደመወዙ ግማሹን የሰፈር ክለቦች፣ ወላጆችና ነጋዴዎች ይሸፍኑ። ባሕር ዳር ብቻዋን ሁሉንም እንዳትወስድ ዘጌ፣ ወረታና ጎርጎራ ቢያንስ አንድ አንድ ቋሚ አሠልጣኝ ይኑራቸው። በየዓመቱ መጨረሻ የወጣው ብር በተመዘገቡት ልጆች ተካፍሎ በየአካባቢው ስም በዚህ ጋዜጣ ይታተም።

የታዳጊ እግር ኳስ አሠልጣኞች
ባሕር ዳር