የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ክበብ፦ በአንድ ሐረግ የከረምንበት ዓመት

ሌሎቹ ክበባት ትያትር ሲያሳዩና የግድግዳ ጋዜጣ ሲያወጡ የእኛ ክበብ ዓመቱን የጨረሰው ጥቂት ገጾችን ደጋግሞ በማንበብ ነው። ለመጽሔቱ የሚሆን ፎቶግራፍ እንኳ የለንም። ገጾቹ ግን መንግሥታትን ለአሥርት ዓመታት ያከራከሩ ናቸው፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጸጥታው ምክር ቤት ስለ ግዛት ውዝግቦች ያጸደቃቸው የውሳኔ ሐሳቦች።

የጀመርነው በቁጥር 242 ነው። እስራኤል ከግብፅ፣ ከዮርዳኖስና ከሶርያ ጋር ካደረገችው የስድስቱ ቀን ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1967 በአሥራ አምስቱም አባላት ድምፅ የጸደቀ ነው። ኢትዮጵያም በዚያ ዓመት የምክር ቤቱ አባል ነበረች፤ ይህን ስናገር ከኋላ ወንበር የነበሩት ሳይቀሩ ቀና አሉ። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ የእስራኤል ጦር በግጭቱ «ከተያዙ ግዛቶች» እንዲወጣ ይላል። የፈረንሳይኛው «ከተያዙት ግዛቶች» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። እስራኤል «ከሁሉም አልተባለም» ስትል፣ የአረብ አገሮች ደግሞ በጦርነት ግዛት መያዝ ተቀባይነት የለውም የሚለውን መግቢያ ይጠቅሳሉ።

ወዲያው ውጫሌን ያነሡ ነበሩ። ማንሣታቸው አይገርምም፤ ነገሩ ግን ለየቅል ነው። ምኒልክ የጣልያንኛው ጽሑፍ አንቀጽ 17ን እንዴት እንዳስቀመጠው የተረዱት ከፈረሙ በኋላ ነው። 242ን ያጸደቁት ተወካዮች ግን ሐረጉ ለሁለት እንደሚነበብ እያወቁ ነው እጃቸውን ያነሡት። ለዚህም ማስረጃ አለ፦ ሕንድ፣ ማሊና ናይጄሪያ በጋራ ያቀረቡት ረቂቅ «ሁሉም» የሚለውን ቃል በግልጽ ይዞ ነበር፤ ለድምፅ ሳይቀርብ ቀረ። ያለፈው ቃሉን የተወው የብሪታንያው ተወካይ የሎርድ ካራደን ረቂቅ ነው።

ተማሪዎቼ ይህን አልወደዱትም። «ይህ እኮ ሥራን በደንብ አለመሥራት ነው» አለ አንዱ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። እንግዲያውስ አንተ ጻፈው ብዬ የብሪታንያን ወንበር ሰጠሁት፤ ሌሎቹም የአሥራ አራቱን አገሮች ስም ተከፋፈሉ። መጀመሪያ «ከተያዙት ግዛቶች ሁሉ» ብሎ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፈ። አሜሪካን የወከለችው ተማሪ አንገቷን ነቀነቀች፤ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብቷን እንደምትጠቀምም አስታወቀች። ሰርዞ «ከአንዳንድ ግዛቶች» አለ። አሁን ደግሞ ሶቪየት ኅብረት ተነሣች፤ ማሊ፣ ሕንድና ቡልጋሪያ ተከተሏት። ለማለፍ ዘጠኝ ድምፅ ያስፈልገዋል፣ ከአምስቱ ቋሚ አባላትም አንዱ እንኳ መቃወም የለበትም። ልጁ ጠመኔውን ይዞ ቆየና ያንኑ የነቀፈውን የካራደንን ሐረግ ቃል በቃል ጻፈው። ድምፅ ሲሰጥ አሥራ አምስት እጅ ወጣ። እሱ ግን እስከ ደወሉ ድረስ እንዳኮረፈ ነበር።

ይህን የምለው ድፍንፍን ያለ አነጋገርን ለማሞገስ አይደለም። ያኔ ስምምነት የተገኘበትን ዋጋ በኋላ የሚከፍሉት በስብሰባው ያልነበሩ ሰዎች ናቸው። አንዲት ተማሪ ሰነዱን በእርሳስ እያሰመረች ስታነብ «ፍልስጤም» ወይም «ፍልስጤማውያን» የሚል ቃል በየትም ቦታ እንደሌለ ደረሰችበት፤ ያለው «የስደተኞች ችግር» ብቻ ነው፣ የማን ስደተኞች እንደሆኑ ሳይጠቀስ። ከዓመቱ ሥራችን ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ ብዙ አዋቂ ሳያስተውለው ያልፋልና። ሐረጉ በተግባር የተተረጎመበትንም አይተናል። ግብፅና እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1979 የሰላም ስምምነት ፈርመው፣ እስራኤል በ1982 ሲናን ለቀቀች። ታባ የምትባል ትንሽ የባሕር ዳርቻ ግን የድንበር ምልክቶቹ የት ነበሩ በሚል ክርክር ተይዛ ቆየች፤ ገላጋይ ዳኞች በ1988 ለግብፅ ወሰኑ።

በሁለተኛው መንፈቅ ሕንድና ፓኪስታን ወደሚወዛገቡበት ግዛት ወደ ካሽሚር ተሻገርን። በዚህ ጊዜ ሁሉም ተማሪ ማለት ይቻላል «ቃሉ ግልጽ ቢሆን ኖሮ ጠቡ ያበቃ ነበር» የሚል እምነት ነበረው። የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 1948 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ሕንድ ከጦሯ «አብዛኛውን» ደረጃ በደረጃ እንድታወጣ ይላል። አብዛኛው ስንት ነው? በዚህ ዓመታት አለፉ። በዲሴምበር 1952 የጸደቀው የምክር ቤቱ የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 98 አኃዝ አስቀመጠ፦ ከተኩስ አቁም መስመሩ በፓኪስታን በኩል ከ3,000 እስከ 6,000፣ በሕንድ በኩል ከ12,000 እስከ 18,000 ወታደር እንዲቀር። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም። በአኃዙ ግን አልተስማሙም፤ ካሽሚር ለማን እንደምትሆን ሊወስን የታሰበው ሕዝበ ውሳኔም እስከ ዛሬ አልተካሄደም። ያን ቀን ክርክሩ ቀዘቀዘ፤ እምነታቸው ስለተነካ ነው መሰለኝ።

ለንባባችን ደንብ ያስፈለገን እዚህ ላይ ነው። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ኮሶቮ የነፃነት አዋጅ በሰጠው አስተያየት፣ የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ እንደ ውል ብቻ እንደማይነበብ ገልጿል። ሲጸድቅ ተወካዮች የተናገሩት፣ በዚያው ጉዳይ የወጡ ሌሎች ውሳኔዎች፣ ከዚያም በኋላ የተሠራበት መንገድ ሊታዩ ይችላሉ። ይህን የክበቡ ደንብ አደረግነው። «እኔ እንደሚመስለኝ» ብሎ የሚጀምር ተናጋሪ አንቀጹን ካልጠቀሰ ተራው ለሌላ ይሰጣል። አብዛኞቹ ለመዱት፤ ሁለቱ አንደበተ ርቱዖቻችን ግን አሁንም በተቃውሞ ላይ ናቸው።

በመጪው ዓመት የምዕራብ ሰሃራን ጉዳይ እናነባለን፤ መነሻችን እ.ኤ.አ. የ1991ዱ ቁጥር 690 ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች መመዝገብ ይችላሉ። የቁጥር 98ን ብቸኛ ቅጂ ከመዝገባችን የወሰደ አባልም ከፈተና በፊት ቢመልስ እናመሰግናለን።