«ይረፉ» ስላልኩዎት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሐዋሳ ሁላችንም ደህና ነን። ለፋሲካ መጥተው ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሳለ፣ «ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማልፈለግ ሰው ሆኛለሁ» ሲሉኝ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ የሰጡኝን የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደገና አነበብኩ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው እንዴት ያዳምጡ እንደነበር ሲያወሩልን፣ እኔ ልቤ የሚሄደው ወደ በዛብህና ወደ ሰብለ ወንጌል ፍቅር ብቻ ነበር። አሁን ግን የበዛብህ ብቸኝነት ያሳዝነኝ ጀምሯል። ወላጆቹ በሕይወት ቢያድግላቸው ለእግዚአብሔር ሊሰጡት ስለ ተሳሉ፣ የሚኖርለትን ነገር ራሱ ሳይመርጥ ሌሎች ቆረጡለት፤ ቅኔ ተምሮ ሊቅ ከሆነ በኋላም በሰብለ ወንጌል አባት በፊታውራሪ መሸሻ ቤት የተፈለገው ዕውቀቱ ሲሆን፣ እሱ ራሱ የተመዘነው በዘሩ ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን ያሰብኩት ስለ ጉዱ ካሣ ነው። ካሣ ዳምጤ የሚባለውን ስሙን እንኳ ቅጽሉ ሸፍኖበት፣ በገዛ ዘመዶቹ መካከል እንደ እብድ እየተቆጠረ የኖረ ሰው፣ ከልቡ የሚያዳምጠው በዛብህን ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚናገር፣ ምን ያህልም እንደሚጠነቀቅለት ልብ ብለው ያውቃሉ? ያ ሁሉ ቃል በውስጡ ተከማችቶ የኖረው የሚሰማው ስላጣ ነበር።

ይህን ሳነብ የገዛ ጥፋቴ ታየኝ። የግቢውን በር ሊጠግኑ ሲነሡ «ተዉት፣ ይረፉ» አልኩዎት፤ የልጄን ደብተር ሊያዩ ሲጠይቁም «አይድከሙ» አልኩዎት። ያከበርኩዎት መስሎኝ ሥራውን ሁሉ ከእጅዎ ነጠቅሁ፤ ዕድሜዎን ሙሉ ሲያስተምሩ የኖሩትን ሰው በገዛ ልጅዎ ቤት እንግዳ አደረግሁዎት። ስለዚህም ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ንባብ አሁንም ይከብደዋል። እኔ ስቆጣው ጭራሽ ይዘጋበታል፤ እርስዎ ግን እኔን ያለ ቁጣ አስተምረውኛል። ይህን የምጽፈው እርስዎን ለማጽናናት ብዬ እንዳይመስልዎ፤ በእውነት አቅቶኛል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከአዳማ መጥተው ክረምቱን ከእኛ ጋር እንዲያሳልፉ እለምንዎታለሁ። የግቢው በርም እስከ ዛሬ አልተጠገነም።

መነጽርዎን አይርሱ፤ መጽሐፉን ማታ ማታ ለሁላችንም እንዲያነቡልን እፈልጋለሁ።

አክባሪ ልጅዎ