በመንፈቀ ሌሊት ለምትቆሚው ልጄ

ሚጣዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የሆስፒታሉ ነርስነትስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ድምጿ እንደ ድሮው ቤቱን ይሞላዋል።

ባለፈው እሑድ ስልክ ላይ ያልሽኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነው ብዕር ያነሣሁት። «አባዬ፣ መጸለይ አቃተኝ። ከናይት እወጣለሁ፣ አልጋዬ ላይ እወድቃለሁ፣ ስነቃ ደግሞ ዱቲ ነው። ብጸልይም ቃሉ አፌ ላይ ይቀራል» አልሽኝ። እኔ ደግሞ «አይዞሽ፣ በርቺ» ብዬ ዘጋሁት። ከዘጋሁት በኋላ በራሴ ተናደድኩ። ለደከመ ሰው በርቺ ማለት ባትሪው ያለቀበትን መኪና ቆሞ መቆጣት ነው። አይነሣም።

በአፌ ያልወጣልኝን እንግዲህ ልጻፍልሽ።

አንቺ ነፍስ ካወቅሽ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ስጸልይ ስላየሽኝ ከእናቴ ማሕፀን እንዲህ ሆኜ የወጣሁ ይመስልሻል። አይደለም። ወጣት ሆኜ በአሰብ መንገድ ተሳቢ ስነዳ ጸሎቴ ሁሉ የጭንቅ ጸሎት ነበር። አንድ ጊዜ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ፍሬን አልታዘዝ አለኝ። ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ መንገዱን ታውቂዋለሽ፣ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላ በኩል ገደል። ከባድ ማርሽ አስገብቼ ወደ ተራራው ጎን አስጠግቼ እያፋተግኩ አቆምኳት። እስክትቆም ድረስ «ቁልቢ ገብርኤል ድረስልኝ፣ ጃንጥላ አገባልሃለሁ» እያልኩ ስጮህ ነበር። ረዳቴ በኋላ እየሳቀ «ጋሼ፣ ስንት ጃንጥላ እንደተሳልክ ታውቃለህ?» አለኝ። ለካ ሦስት ብያለሁ።

ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ሄጄ ስለቴን አገባሁ። አንዱን ብቻ፣ እውነቱን ለመናገር። ከዚያ በኋላ ለወራት አንድ አቡነ ዘበሰማያት እንኳ አላልኩም። ጭንቁ አለፈ፣ ጸሎቱም አብሮት አለፈ።

ነገሩን የለወጡልኝ የንስሐ አባቴ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ቀኑን ሙሉ እነዳለሁ፣ ጊዜ የለኝም፣ ልቤም ደርቋል ብዬ ስነግራቸው ስለ መኪናው ጠየቁኝ። «ዘይትና ውሃውን መቼ መቼ ታየዋለህ?» አሉኝ። በየጠዋቱ፣ ሞተር ሳላስነሣ አልኳቸው። «እንግዲያው ቁልፉን ከመጠምዘዝህ በፊት አንድ አቡነ ዘበሰማያት በል። ለ40 ቀን። ሌላ አትጨምር።»

እኔ ከፋኝ። ዳዊት ድገም ይሉኛል፣ ስግደት ያዙኛል ብዬ ስጠብቅ የሕፃን ጸሎት ሰጡኝ። «ትንሽ አላነሰም አባ?» ብላቸው «እሱን ሳታቋርጥ ከጨረስክ እንነጋገራለን» አሉኝ። አልጨረስኩም። በ11ኛው ቀን ሚሌ ላይ በሙቀቱ ተማርሬ ሳልጸልይ ተነሣሁ። ሳምንት ሙሉ ተውኩት። ተመልሼ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «ነገ ጠዋት ጀምር» አሉ፣ በቃ። «ከአንድ ጀምር» እንኳ አላሉኝም። ያ ነገር እስካሁን ይገርመኛል። እኔ ቁጥሩን ስቆጥር እሳቸው የሚያዩት መመለሴን ነበር።

አንቺ «ያቋረጥኩት ጸሎት ተበላሸ» ብለሽ ለጥ ብለሽ የምትተዪው ዓይነት ልጅ ነሽ። በፈተና ጊዜም እንደዚያ ነበርሽ፣ አንድ ጥያቄ ከተሳሳትሽ ወረቀቱን መቅደድ ትፈልጊያለሽ። አባቶች ግን ስለ ታላቁ ስለ አባ እንጦንስ የሚተርኩት አለ። በበረሃው ሳለ መሰልቸት ያዘው፣ ሐሳቡ ተበተነበት። «ጌታ ሆይ፣ መዳን እፈልጋለሁ፣ ይህ ሐሳብ ግን አልለቀኝ አለ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ለመነ። ወጣ ሲል ራሱን የሚመስል ሰው አየ። ሰውየው ተቀምጦ ገመድ ይታታል፣ ይነሣና ይጸልያል፣ ተመልሶ ተቀምጦ ይታታል፣ ደግሞ ይነሣና ይጸልያል። ለካ መልአክ ነው። እንደዚህ አድርግ፣ ትድናለህ አለው። የመነኮሳት ሁሉ አባት የተባለው እንጦንስ ተሰላችቷል፣ ሚጣ። አንቺ ከናይት ወጥተሽ ብትሰላቺ ምን ይገርማል?

አሁን ስለ ናይቱ ላውራሽ፣ ዋናው ነገር እሱ ስለሆነ።

ቤተ ክርስቲያናችን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜ እንዳላት ሰንበት ትምህርት ቤት ተምረሻል። ነግህ ጠዋት፣ ሠለስት በሦስት ሰዓት፣ ቀትር በስድስት፣ ተሰዓት በዘጠኝ፣ ሠርክ ማታ፣ ንዋም በመኝታ ጊዜ፣ መንፈቀ ሌሊት በእኩለ ሌሊት። ዳዊትም በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ ይላል። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ከመጽሐፉ ጋር አንድ ነው። መንፈስ ቅዱስ የወረደው በሦስት ሰዓት፣ ጌታ የተሰቀለው በስድስት፣ ነፍሱን የሰጠው በዘጠኝ። ሌላው ዓለም ጣቱን ይቆጥራል፣ እኛ የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብለን ማየት ይበቃናል። ሾፌር እያለሁ ለምሳ ስንቆም ስድስት ሰዓት ሲሆን ትዝ ይለኝ ነበር። ምንም አልጸልይም፣ ኮፍያዬን አውልቄ «ይህን ጊዜ ነው የሰቀሉህ» እላለሁ። በሊታው ሁሉ ሙቀት የመታኝ ይመስለው ነበር።

ከሰባቱ ሁሉ ከባዱ መንፈቀ ሌሊት ነው። መነኮሳቱ በደወል ነው የሚነሡለት። ምእመኑማ፣ እንተዛዘን፣ ስንቱ ይነሣል? አንቺ ግን በዚያ ሰዓት ነቅተሽ ቆመሻል። ናይት ጸሎቴን ገደለብኝ አልሽኝ፤ ጸሎት ሲወደድ በኖረበት ሰዓት ቆመሽ ደመወዝ ይከፈልሻል። ጳውሎስና ሲላስ ተገርፈው፣ እግራቸው በግንድ ተጣብቆ እስር ቤት ውስጥ ያመሰገኑት በመንፈቀ ሌሊት ነው። እስረኞቹም ያዳምጧቸው ነበር ይላል። በአንቺም ዋርድ እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ተኝተዋል አይደል?

ዋርዱ ውስጥ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ዘምሪ አላልኩም፣ ዋናዋ ነርስ ታባርርሻለች። ሕመምተኛ እየጠራሽ «ጸሎት ላይ ነኝ» ብትዪ ደግሞ እኔ ራሴ እቆጣሻለሁ። እኔ የምልሽ ይህን ብቻ ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ የስድስት ሰዓቱን መድኃኒት ሰጥተሽ እጅሽን ስትታጠቢ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በዪ። ውሃው እየወረደ። ከዚያ በዚያ ሌሊት ከሁሉ የከበደሽን ሕመምተኛ አስቢና «አቤቱ ማረው» በዪ። አበቃ። ለ40 ቀን ሌላ አትጨምሪ።

ትንሽ ነው ትዪኝ ይሆናል። አያትሽ ፊደል አልቆጠረችም፣ ሰዓትም አልነበራትም። ምጣዱን በጎመን ዘር አስሳ ሊጡን ታዞረውና እንጀራው ዓይን እስኪያወጣ አቡነ ዘበሰማያት ትላለች። አክንባሎውን ስትደፋ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ትጀምራለች። አሜን ስትል እንጀራው ደርሷል። ሃያ እንጀራ ከጋገረች ሃያ ጊዜ ጸልያለች ማለት ነው። አንድም ቀን ጸሎተኛ ነኝ ስትል አልሰማኋትም። እኛ ልጆቿ ግን ስትጋግር አናናግራትም ነበር፣ በእንጀራው ምክንያት ይመስለን ነበር።

ከዱቲ ስትወጪ ደግሞ መጀመሪያ እህል ብዪ፣ ከዚያ ተኚ። ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። ኤልያስ ኤልዛቤልን ሸሽቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ ነፍሴን ውሰዳት ሲል እግዚአብሔር ቁም ጸልይ አላለውም። አስተኛው። መልአኩ ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። እንጎቻና ማሰሮ ውሃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ አበላው። በዚያ ምግብ ኃይል ነው 40 ቀንና 40 ሌሊት ወደ ኮሬብ የሄደው። አምላክ ያናገረውም ከዚያ በኋላ ነው። ባዶ ሆድሽንና የሁለት ቀን እንቅልፍሽን ይዘሽ «መንፈሳዊነቴ ደከመ» ካልሽ ግማሹ ድካም የምሳ ነው። ይህ ባዶነት ተኝተሽም በልተሽም ካለቀቀሽ፣ ማልቀስ ማልቀስ ካለሽ፣ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ ለሐኪምም ንገሪ። ለሰው የምትመክሪውን ለራስሽ አትንፈጊ።

ተኝተሽ ስትነሺ ግን ስልክሽን ከመንካትሽ በፊት አማትቢ። ቲክቶኩ የትም አይሄድም። ውዳሴ ማርያሙም እዚያው ስልክሽ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፣ ክፋት የለውም። ችግሩ ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርሺ ቴሌግራም ይጮኻል። ስለዚህ የወረቀት ልኬልሻለሁ። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀን የተከፈለ ስለሆነ የዕለቱን ብቻ ማንበብ ነው፣ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። 40ውን ቀን ከጨረስሽ በኋላ ማለቴ ነው። ግእዙ ካልገባሽ በአማርኛው አድርሺው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጨፈግጋል፣ እኔ ግን የሚያናግሩትን ሳያውቁ መናገር ይቀፈኛል።

ቃሉ አፌ ላይ ይቀራል ላልሽው ደግሞ መዝሙር 12ን አውጪ። «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምራል፣ ዳዊት እንዳንቺው ጨንቆታል። 87 ደግሞ ባሰበት፣ እስከ መጨረሻው ጨለማ ነው፣ እንደሌሎቹ በምስጋና እንኳ አይዘጋም። ያም ሆኖ ጸሎት ተብሎ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል። ደስ ሲልሽ ብቻ የምትጸልዪ ከሆነ እነዚህን ማን ይደግማቸዋል? ለናይት የሚሆንሽ ግን 120 ነው። የሚጠብቅሽ አይተኛም፣ አያንቀላፋም ይላል። ለነርስ የተጻፈ ነው የሚመስለኝ።

የኪስ ዳዊቱን ከውዳሴ ማርያሙ ጋር የጎረቤታችን ልጅ ከኮምቦልቻ ሐሙስ ሲመጣ ያደርስልሻል። የአያትሽን መቁጠሪያ ውስጡ አስቀምጬዋለሁ፣ ክሩ ላልቷልና እንዳይበጠስ ጎተት አታድርጊው። እናትሽ በሶና ቆሎ ጨምራለች። ቆሎውን ለጓደኞችሽ አካፍዪ፣ በሶውን ግን ደብቂው፣ ከዱቲ ስትወጪ ምግብ መሥራት ለሚያቅትሽ ቀን ነው።

ማክሰኞ ናይት ነሽ አይደል? እኔም ስድስት ሰዓት ላይ እነሣለሁ። ለጽድቅ እንዳይመስልሽ፣ በዚህ ዕድሜ ሽንት ነው የሚቀሰቅሰኝ። ከተነሣሁ አይቀር ጋቢዬን ደርቤ ወደ ምሥራቅ እቆማለሁ። አንቺ እጅሽን ስትታጠቢ እኔ እዚህ ቆሜያለሁ።

አባትሽ