እርጥብ እንጨትና ደረቅ አፈር አይወዳደሩም

ውድ አዘጋጅ፣

በእንጨትና በአፈር ውስጥ ያሉ እንደ ዚንክ፣ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን ልኬት ጎን ለጎን አስቀምጦ መፍረድ ያሳስበኛል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ግማሽ ክብደቱ ውሃ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው እንጨት እርጥብ ሳለ በኪሎ 5 ሚሊግራም ዚንክ ካሳየ፣ ሲደርቅ 10 ይሆናል። ዚንኩ ግን ያው ነው!

ናሙናውን ለመለካት የምናሟሟበት አሲድም ለውጥ ያመጣል። በጠንካራ አሲድ የሟሟ አፈር የሚያሳየው መጠን ሥር ሊስበው ከሚችለው እጅግ ይበልጣል። በተለይ እርሳስ አፈሩን ሙጭጭ ብሎ ስለሚይዝ ወደ ግንዱ የሚዘልቀው ጥቂት ነው፤ ካድሚየም ግን ቀለል ብሎ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ እንጨቱ ላይ እርሳስ ጠፋ ተብሎ አፈሩ ንጹህ ነው አይባልም። ደግሞ ቅርፊቱ አቧራውን እንደያዘ ከተፈጨ፣ የለካነው ያንኑ አፈር ነው።

እባካችሁ፣ ቁጥር ስታወጡ ልኬቱ በደረቅ ክብደት መሆኑንና ናሙናው እንዴት እንደተዘጋጀ አብራችሁ ጻፉ።

አክባሪያችሁ፣
የላቦራቶሪ ባለሙያ