ወናፍ ያለው ኤሌክትሮኒክ ኮንሰርቲና፦ የኤሌክትሮኒክስና የሙዚቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የያዘው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ኮንሰርቲና የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ በኤሌክትሮኒክ መልክ መሥራትና የእኛን ቅኝቶች እንዲጫወት ማድረግ ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ 14 ተማሪዎች ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ እየተሰበሰቡ ሠርተዋል። ሦስት አራት ትንንሽ ሥራ ጀምሮ ሁሉንም በእንጥልጥል ከመተው አንዱን ይዞ ዳር ማድረስ ይሻላል ብዬ የወሰንኩት እኔ ስሆን፣ ዓመቱ ሲያልቅ መለስ ብዬ ሳየው ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

አኮርዲዮንን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ኮንሰርቲና የእሱ ታናሽ ዘመድ ሲሆን፣ ስድስት ማዕዘን ያላቸው ሁለት የእንጨት ገጾች በመካከላቸው ባለ ተጣጣፊ ወናፍ ተያይዘው የሚሠራ ነው። ወናፉ ሲሳብና ሲገፋ አየሩ በተነካው ቁልፍ በኩል እያለፈ ቀጭን የብረት ምላስ ያርገበግባል፤ ድምፁ የሚወጣውም ከዚያ ነው። በጀርመን፣ በኬምኒትስ ከተማ፣ ካርል ፍሪድሪሽ ኡሊግ እ.ኤ.አ. በ1834 አንዱን ዓይነት ሠራ፤ በእንግሊዝ ደግሞ ቻርልስ ዊትስቶን በ1844 ለሌላው ዓይነት የፈጠራ ባለመብትነት አገኘ። የዊትስቶንን ስም ስጠራ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቹ «የዊትስቶን ድልድዩ?» ብለው ጠየቁኝ። ድልድዩን ቀድሞ ያሰበው ሳሙኤል ሀንተር ክሪስቲ ቢሆንም፣ ያልታወቀ ተከላካይ የሚለኩበት ያ ሰርኪዩት የሚጠራበት ሰው በእርግጥ እሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮንሰርቲናው ለተማሪዎቹ የባዕድ ዕቃ መሆኑ ቀረ።

መሣሪያችን ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገረው በሚዲ ነው፤ ሚዲ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ የሆነ የሙዚቃ መሣሪያዎች መግባቢያ ነው። የሚያስተላልፈው ትእዛዝን እንጂ ድምፅን አይደለም፤ የትኛው ቃና ተነሣ፣ በምን ያህል ኃይል፣ መቼስ ቆመ የሚለውን ከ0 እስከ 127 ባሉ ቁጥሮች ይናገራል፤ ድምፁን የሚያሰማው ኮምፒውተሩ ነው። ስለዚህ የእኛ መሣሪያ የብረት ምላስ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ጣትንና ወናፍን በትክክል አንብቦ መናገር ብቻ ነው።

ጣትን ማንበቡ ከሁሉ ቀሎ አገኘነው። 30 ቁልፎችን በ5 ረድፍና በ6 ዓምድ አዋቅረን በ11 ሽቦ ብቻ አርዱዊኖ ከተባለው በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ጋር አገናኘናቸው። ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ሲነኩ ያልተነካ አራተኛ ቁልፍ እንደተነካ ሆኖ እንዳይታይ፣ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ከተበላሹ ሬዲዮኖች የተነቀለ አንድ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ አካል) በየድን። መጀመሪያ ኡኖ የሚባለውን ሰሌዳ በመግዛቴ አንድ ወር ባክኗል፤ እሱ ራሱን በዩኤስቢ ለኮምፒውተር እንደ ሚዲ መሣሪያ አያስተዋውቅም፤ ሊዮናርዶ የሚባለው ግን ያስተዋውቃል። በኅዳር መጨረሻ ቁልፎቹ ሁሉ ድምፅ ሰጡ፤ አንዳንድ ተማሪዎችም ሥራው ያለቀ መስሏቸው ነበር። በዚያን ዕለት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደጋግማ ከነካካች በኋላ እጇን አንሥታ፣ «ቲቸር፣ ይኼ እኮ አይተነፍስም» አለች። ልክ ነበረች። እያንዳንዱ ቃና እንደ በር ደወል በአንድ ኃይል ተነሥቶ በአንድ ኃይል ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት የወሰደብን ይህን ትንፋሽ ማምጣት ነው።

የመጀመሪያውን ወናፍ ከካርቶንና ከአቡጀዲ ሠራን፤ ማዕዘኖቹ ላይ አየር እያፈሰሰ አስቸገረን። ከአባላቱ አንዱ አያቱ ብረት ቀጥቃጭ ናቸውና ሁላችንንም ወደ ሥራ ቦታቸው ወሰደን። እሳቸውም ወናፋቸውን እየነፉ፣ ቆዳው የሚያልቀው በሚታጠፍበት ቦታ መሆኑን፣ እዚያ ላይ ሳስቶ በቅቤ መታሸት እንዳለበት በእጃቸው አሳዩን። ከቅዳሜ ገበያ የፍየል ቆዳ ገዝተን፣ የካርቶኑን እጥፋት እንዳለ ትተን፣ ጠርዙንና ማዕዘኑን ብቻ በሳሳ ቆዳ ለበጥነው። ሁለቱን ገጾች አንድ አናጺ ከዋንዛ ጣውላ ቆርጠውልናል።

ወናፉ ማፍሰሱን ሲያቆም ደግሞ ሌላ ችግር መጣ፤ ጨርሶ አልንቀሳቀስ አለ። በእውነተኛው ኮንሰርቲና አየሩ በምላሶቹ በኩል ይወጣል፤ በእኛው ግን መውጫ የለውም። ስለዚህ ሆን ብሎ ማፍሰሻ ቀዳዳ ማበጀት ግድ ሆነ። 2 ሚሊሜትር ቀዳዳ ክንድ የሚያደክም ሆነ፤ 8 ሚሊሜትር ደግሞ አንድ ስንኝ ሳያልቅ ወናፉን አሟጠጠው፤ በ5 ሚሊሜትር ተስማማን። ተማሪዎቹ ስለ ፈሳሾች ፍሰት በክፍል የተማሩትን በክንዳቸው ያረጋገጡት በዚህ ሙከራ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ግፊቱን የሚለካልን ቢኤምፒ280 የተባለ ከጥፍር የሚያንስ ሴንሰር ነው። በውስጡ ግፊት ሲለጥጣቸው ተከላካይነታቸው የሚለወጥ አካላት አሉ፤ በእንዲህ ዓይነት ሴንሰሮች እነዚህ አካላት እርስ በርስ የሚያያዙት ደግሞ በዚያው በዊትስቶን ድልድይ ነው። ስለዚህ የዊትስቶንን መሣሪያ ትንፋሽ የምንለካው ስሙን በያዘው ሰርኪዩት መሆኑን ለተማሪዎቹ ስነግራቸው የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም።

ሆኖም ሴንሰሩ በተገጠመ ዕለት መሣሪያው ማንም ሳይነካው በሙሉ ኃይሉ ይጮህ ጀመር። ለሁለት ሳምንት ሽቦውን ነቀልን፣ መልሰን በየድን። በመጨረሻ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሴንሰሩ የሚሰጠውን ቁጥር በወረቀት ሲጽፍ ውሎ፣ «780 ነው የሚለው፤ ፕሮግራሙ ግን 1013 ይጠብቃል» አለን። ለመነሻ የወሰድነው ፕሮግራም ዜሮ ብሎ የያዘው በባሕር ወለል ላይ ያለውን የአየር ግፊት፣ 1013 ሄክቶፓስካልን ነበር። ያለንባት ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየራችን ግፊት 780 አካባቢ ነው። መሣሪያው አንድ ሰው ወናፉን ያለ ዕረፍት በኃይል የሚስብ መስሎት ነበር ማለት ነው። 1013ን በ780 መተካት ብቻውን አይበቃም፤ የአየር ግፊት ከጠዋት እስከ ማታም ይለዋወጣልና። ስለዚህ ሁለተኛ ሴንሰር ጨምረን አንዱን ከወናፉ ውስጥ፣ አንዱን ከውጭ አደረግንና የሁለቱን ልዩነት ብቻ ወሰድን። ልዩነቱ ሲለካ ብርቱ ተጫዋች እንኳ ከ15 ሄክቶፓስካል አላለፈም፤ ይህችን ጠባብ ልክ ነው ከ0 እስከ 127 ዘርግተን የድምፁን መጠን እንድትገዛ ያደረግናት።

ቁልፎቹን በቅኝት መደርደሩ የተማሪዎቹ ሐሳብ ነው። በእያንዳንዱ እጅ 15 ቁልፎች በሦስት መስመር አሉ፤ አንድ መስመር አምስት ቁልፍ ነው፤ ቅኝታችንም አምስት ቃና ነው። ስለዚህ አንድ መስመር አንድ ቅኝት ሆነ፤ ቀጣዩ መስመርም ያንኑ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይደግመዋል። በሚዲ ቁጥር ትዝታ 60፣ 62፣ 64፣ 67፣ 69 ሲሆን፣ ባቲ 60፣ 64፣ 65፣ 67፣ 71 ነው፤ አምባሰል 60፣ 61፣ 65፣ 67፣ 68፣ አንቺሆዬ ደግሞ 60፣ 61፣ 65፣ 66፣ 69 ይሆናል። እነዚህ የአራቱ ቅኝቶች ቁጥሮች እስከ ሰኔ ድረስ ከቤተ ሙከራው ጥቁር ሰሌዳ ላይ አልጠፉም።

በሚያዝያ አንድ አዛውንት አዝማሪ ማሲንቋቸውን ይዘው መጥተው አዳመጡን። ትዝታን ሲሰሙ በሦስተኛው ቃና ላይ እጃቸውን አንሥተው፣ «ይኼ ይጮኻል፣ ልጆቼ፤ ዝቅ አድርጉት» አሉ። የፒያኖ ክፍፍል የእሳቸውን ጆሮ አያረካም፤ ማሲንቆው ላይ ጣታቸው የሚያርፈው በሁለት ቁጥሮች መካከል ነውና። ሚዲ ቃናን ማጉበጥ፣ ማለትም በትንሹ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ ነገር ግን ጉብጠቱ በአንድ ቻናል (የመልእክት መስመር) ያለውን ሁሉ ስለሚያጎብጥ፣ ካሉት 16 ቻናሎች አምስቱን ወስደን ለእያንዳንዱ ቃና የየራሱን ሰጠነው። ጉብጠት የሌለበት መሐል ቁጥር 8192 ነው፤ ቁጥሩን ቀስ በቀስ እየቀነስን እሳቸው ማሲንቆውን እየገዘገዙ አብረው ሲያስተያዩት 7400 ላይ ስንደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲሄዱም ለተማሪዎቹ «ቃሉ ሳያልቅ ደጋን አይመለስም፤ ወናፉንም እንዲሁ አድርጉ» ብለዋቸዋል፤ ልጆቹ ከዚያ ወዲህ ወናፉን የሚመልሱት በስንኝ መጨረሻ ነው።

ከኮንሰርቲና ዓይነቶች አንዳንዱ አንዱን ቁልፍ ሲገፉት አንድ ቃና፣ ሲስቡት ሌላ ቃና ይሰጣል። ይህን ተከትላ፣ ስለ ትንፋሹ የተናገረችው ተማሪ ሲገፋ ትዝታ፣ ሲሳብ ባቲ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበች። ለዘፈን ይጠቅማል ብዬ አላምንም፤ ሁለቱን ቅኝቶች አነጻጽሮ ለማስተማር ግን ከዚህ የተሻለ አላየሁም። በሙከራው ጊዜ ግን ቁልፍ እንደተያዘ ወናፉ ሲመለስ የቀድሞው ቃና ሳይቆም ቀረ። ሲገፋ 62 ተነሥቶ ነበር፤ አቅጣጫው ከተለወጠ በኋላ ጣት ሲነሣ ፕሮግራሙ የሚያቆመው 64ን ነው፤ 62ን ቁም የሚለው የለም። ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ቁልፍ የመጨረሻ ድምፅ መዝግቦ እንዲይዝ፣ ወናፉ ሲመለስም መጀመሪያ ያንኑ እንዲያቆም በማድረግ ተስተካክሏል።

በወላጆች ቀን መብራት ቢጠፋም በላፕቶፑ ባትሪ ሁለት ዜማ ተጫውተናል። በቀኝ ገጽ በኩል ወናፉ አሁንም በትንሹ ያፈስሳል፤ የአንቺሆዬ ቃናዎችም ገና በማሲንቆ አልተስተካከሉም፤ አዝማሪው በመስከረም ተመልሰው እንደሚመጡ ቃል ገብተውልናል። መሣሪያው በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ በክረምቱ እርጥበት ቆዳው እንዳይሻግት፣ ከሰፈሩ የሚመጡ ሁለት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በየ15 ቀኑ እያወጡ ወናፉን ያናፍሱታል።